አሮጌ ቤት በዕድሜ ብቻ አይፈርስም

(በየካ አባዶ፣ በአንድ እድር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ የእድራችን ሰብሳቢና የኮሚቴው አባላት፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ? ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ደግሞም የቧንቧ ውኃ የሚመጣበት ቀን ነው። ጀሪካኑን ለልጅ አስረክባችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጁም ቧንቧውን እንዳይረሳው ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰብሳቢያችን «ስለ አሮጌ ቤቶች እድሳት አንድ ነገር በለን» ሲሉኝ፣ «ለምን እዚህ?» ብዬ ነበር። እዚህ የምናየው ሁሉ አዲስ ነው። ብሎኬቱ አዲስ፣ አስፋልቱ አዲስ፣ ጉርብትናችን ራሱ አዲስ። ስለ አሮጌ ቤት መናገር ያለበት ፒያሳ መሀል የቆመ ሰው አይደለም?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ፒያሳ ያደጋችሁ እጃችሁን አውጡ። አራት ኪሎ? ዶሮ ማነቂያ? ሠራተኛ ሰፈር? ልደታ? ጌጃ ሰፈር? አያችሁ! እጁን ያላወጣው የድምፅ ማጉያው ባለቤት ብቻ ነው።

እንግዲያው መልሱ ተገኘ። የአዲስ አበባን አሮጌ ቤት የሚያውቀው ሰው አሁን የሚኖረው በከተማዋ ዳር ነው። ጣራው የት ጋ እንደሚያፈስ፣ የትኛው የእንጨት ደረጃ ሌሊት እንደሚንቋቋ፣ የትኛው ግድግዳ ነሐሴ ሲገባ እንደሚረጥብ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ይህን በጥናት ወረቀት ላይ አታገኙትም።

ራሴን ባጭሩ ላስተዋውቅ። አባቴ ግንበኛ ነበር። እኔ የግንባታ ሙያ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በመካከሉ አሮጌ ቤት እየጠገንኩ ልጆች አሳድጌአለሁ። ስለዚህ የምናገረው እንደ ታሪክ ሊቅ ሳይሆን እጁ ጭቃ እንደነካ ሰው ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛው ውኃ ነው። ሁለተኛው ወረቀት ነው። ሦስተኛው እጅ ነው። አንደኛው ላይ ረዘም እላለሁ፤ ከፊት የተቀመጡት ጋሼ ሰዓታቸውን እያዩ ያስቁሙኝ።

ወደ ውኃው ከመግባታችን በፊት ግን፣ የምንናገርላቸው ቤቶች ከየት እንደመጡ ወጣቶቹ ይስሙ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውኃ ሲወርዱ፣ መኳንንቱም በየጉብታው ላይ ሰፈራቸውን ተከሉ። መጀመሪያ ድንኳን፣ ቀጥሎ የሣር ጎጆ ነበር። ማገዶውና የቤት እንጨቱ በፍጥነት ስላለቀ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት እስከመጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመዛወር ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ደግሞ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ ነጋዴውም ባለሙያውም ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ። ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ መጣ። የእነሱ አናጺና የእኛ ግንበኛ አብረው ሲሠሩ እናንተ ያደጋችሁበት ቤት ተወለደ፦ ታች በጭቃ የተገነባ ድንጋይ፣ ላይ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ፣ ከሁሉም በላይ ግድግዳውን አልፎ የወጣ ሰፊ ቆርቆሮ። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮውና ሚስማሩ በዛ። ሲሚንቶ ግን ያኔ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ብርቅ ነገር ነበር፤ በአገራችን የመጀመሪያው ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እነዚያ ቤቶች የቆሙት ያለ ሲሚንቶ ነው። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥብ። ውኃ!

አሮጌ ቤት የሚገድለው ዕድሜ አይደለም፤ ውኃ ነው። ደግሜ ልበለው፤ ዕድሜ አይደለም፣ ውኃ ነው። ጭቃ ቤት ደካማ ነው የሚል እምነት ሥር ሰዶብናል። እስቲ አስቡት፤ የጥድ ቋሚ፣ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ማገር፣ በጤፍ ጭድ ተቦክቶ የሰነበተ ምርግ። ይህ ግድግዳ ራሱና እግሩ ደረቅ ከሆነ መቶ ዓመት ይሻገራል። ፒያሳ ምስክር ነው። ራሱ ወይም እግሩ ከራሰ ግን ጥቂት ክረምት ይበቃዋል።

ድንጋይ ቢሆንስ? ድንጋይም ቢሆን ያው ነው። የየካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ያየ አለ? ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከአለት! ጣራው ከተናደ በኋላ ግን ዝናቡ በቀጥታ ውስጡ እየወረደ ግድግዳውን ሲበላው ኖሯል። አለት ጣራ ሲያጣ እንዲህ ከሆነ፣ ጭቃ ምን ይሁን?

አባቴ አሮጌ ቤት ለመገምገም የሚሄደው በዝናብ ነበር። «በበጋ ሁሉም ቤት ጨዋ ነው» ይል ነበር። ሐምሌ ላይ ካፖርቱን ደርቦ፣ ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል። እናቴ «ሰው ሥራ የሚያቆመው ሲዘንብ ነው፤ አንተ ምን ሆነህ ነው ሲዘንብ የምትሄደው?» ትለው ነበር። እሱ ግን ሰው ቤት ደርሶ እንኳ ወደ ውስጥ አይገባም። ውጭ ቆሞ ውኃውን ይከተላል። ከቆርቆሮው የት ላይ ይወርዳል? መሬት ሲነካ ወደ የት ይፈናጠራል? ከዚያስ ይሄዳል ወይስ ይቆማል? ባለቤቱ «ኧረ ይግቡ፣ ቡና ፈልቷል» እያለ ይለምነዋል። እሱ ምንም አልሰማም። እኔ ልጅ ሆኜ አብሬው እየበሰበስኩ በጣም አፍር ነበር። የኋላ ኋላ ተማሪዎቼንም በዝናብ አስወጣቸው ጀመር፤ እነሱም በተራቸው አማረሩ።

ውኃ በሦስት በር ይገባል። በላይ፣ በታችና በውስጥ። በላይ የሚገባው በሚስማር ቀዳዳና በዛገ አሸንዳ ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ቀልድ አያውቅም፤ አሸንዳ በቅጠል ተደፍኖ ሰኔን ከተቀበለ፣ ያ ሁሉ ውኃ አንድ ግድግዳ ላይ ይወርዳል። በታች የሚገባው ከመሬት ነው። ፒያሳ አሮጌ ቤት ስትገቡ ከመንገድ ወደ ታች ሁለት ደረጃ የወረዳችሁ የላችሁም? ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። ከፍ ያለው መንገዱ ነው። በድንጋይ ላይ ድንጋይ፣ በአስፋልት ላይ አስፋልት ሲደረብ፣ ዱሮ ከመንገድ በላይ የነበረው ደጃፍ ከመንገድ በታች ሆነ። ጎርፉም መንገዱን አገኘ። በውስጥ የሚገባው ደግሞ የእኛው ሥራ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት ለብዙ አባወራ ሲከፋፈል፣ ሁሉም በየግድግዳው ሥር ማጠቢያና ቧንቧ ቀጠለ። የሚንጠባጠብ ቧንቧ የቋሚውን እግር ቀስ ብሎ ያበሰብሰዋል። ከዚያ ምስጥ ይመጣል።

አሁን ወደ ሲሚንቶው ልመለስ፤ ምክንያቱም በዚህ ነገር እናደዳለሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ ገንዘብ ያለው ሰው የአያቱን ቤት አድሶ ግድግዳው ለምን እንደተነፋ እንዳይለት ጠራኝ። ባለ በረንዳ፣ ያማረ የጭቃና የእንጨት ቤት ነው። ከውጭ እስከ ላይ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ላዩ ላይ በዘይት ቀለም ተቀብቷል። ስታየው ሙሽራ ነው። ግድግዳውን በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። አንድ ቦታ ከፍተን ስናይ ሲሚንቶው ብቻውን ቆሟል፤ ከበስተጀርባው ጭቃው ረግፎ ወደ ታች ተከምሯል፤ የቋሚዎቹ እግር በእጅ ይፈረፈራል። ሰውየው ቤቱን በጣም ስለወደደው ነው ያን ሁሉ ያወጣው። ብዙ ብር አፍስሶ ገደለው።

ለምን? ጭቃ ግድግዳ ርጥበት ይስባል፣ ርጥበት ይሰጣል። ከመሬት የወሰደውን በፀሐይ ጊዜ ወደ አየር ይመልሳል። ሲሚንቶ ሲለበስበት መውጫው ይዘጋል። ላስቲክ ለብሶ እንጦጦን ሲወጣ የዋለ ሰው ልብሱን ሲያወልቅ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ግድግዳውም እንዲያ ነው የሚሆነው። በዚያ ላይ ሲሚንቶ ግትር ነው፤ እንጨትና ጭቃ ደግሞ ከበጋ ክረምት ያብጣሉ፣ ይኮማተራሉ። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል። ገብቶ አይወጣም።

ይህ የሰፈር ወሬ አይደለም። ጎንደር ሄዳችሁ የፋሲልን ግቢ ተመልከቱ። ግንቦቹ በኖራ የተገነቡ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠገኗቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ያንን ሥራ ወደ ኖራ ለመመለስ ብዙ ደክመዋል። ይህ እንግዲህ በፈረንጆች 1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ ግቢ ነው። እዚያ ስህተት የሆነ ነገር እኛ ሰፈር ትክክል ይሆናል?

«ታዲያ በምን እንለስን?» ትሉኛላችሁ። በጭቃ፤ ላዩን በኖራ። የኖራ ድንጋይ በሙገር ሸለቆ ሞልቷል። ድንጋዩ ተቃጥሎ፣ በውኃ በርዶ፣ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ እንደ እርጎ ይለሰልሳል። ግድግዳ ላይ ሲወጣ ከአየሩ እየተመገበ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ እርጥበቱን ግን ያስወጣል። አንድ ችግር አለበት፤ ጊዜ ይፈልጋል። በጠራራ ፀሐይ ከደረቀ ይረግፋል፣ በክረምት ከተሠራ አይዝም። ተቋራጭ ደግሞ ጊዜ የለውም። ለዚህ ነው ሲሚንቶ ያሸነፈው፤ የተሻለ ሆኖ ሳይሆን ፈጥኖ ስለሚደርቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ በኖራ ስትሠሩ ዓይናችሁን ጠብቁ። ይህን ለወጣቶቹ ነው። ያልበረደ ኖራ ውኃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይን ያጠፋል።

እንግዲህ የእድሳት ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ ጣራና አሸንዳ። ቀጥሎ ፍሳሽ፤ በቤቱ ዙሪያ የተከመረውን አፈር ቆፍሮ ዝቅ ማድረግና ውኃው የሚሄድበትን ቦይ መስጠት። ከዚያ ቤቱ ይድረቅ፤ አትቸኩሉ። ከዚያ እንጨቱ ይታያል፤ የበሰበሰ እግር ያለው ቋሚ በሙሉ አይጣልም። ወራጁን በድጋፍ ይዞ፣ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ፣ በደረቅ ጥድ ቀጥሎ፣ ከሥሩ ድንጋይ ማስቀመጥ ነው። ምርጉ ከዚያ በኋላ። ኤሌክትሪኩ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ቀለም የመጨረሻው ነው። እኛ አገር ግን ባለሥልጣን ሊጎበኝ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚሠራው ቀለም ነው። ሳቁ፤ እውነት ነው።

ስለ እሳት አንድ ነገር ልጨምር። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ስንቶቻችን አለቀስን? የላይኛው ፎቅ ነደደ፣ የጃዝ አምባ አዳራሽ ወደመ። ሆቴሉ ግን ተጠግኖ ሥራውን ቀጥሏል። እንጨት ቤት ከተቃጠለ አበቃለት የሚሉ ሰዎች እዚያ ሄደው ምሳ ይብሉ።

ጋሼ፣ ስንት ሆነ? አለኝ? እሺ።

ሁለተኛው ነጥቤ ወረቀት ነው። ካርታ፣ ውል፣ ፈቃድ፤ ስሙን እንደፈለጋችሁ በሉት።

አክስቴ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ በአንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል ነበራት። ዱሮ የአንድ ነጋዴ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ነበር፤ ልጅ ሆነን አይጥ በላዩ ስትሮጥ የእግሯን ምልክት እንከተል ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረሱ ቤቱ ለቀበሌ ገባ። ታስታውሳላችሁ፤ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ነበር። ሳሎኑ በኮምፔርሳቶ ተከፍሎ ብዙ ቤተሰብ ገባበት። ፍትሐዊ አልነበረም አልልም፤ ያ አዋጅ አክስቴን ጣራ ሰጥቷታል። ኪራዩ በወር ጥቂት ብር ነበር። ግን አስቡት፤ ከዚያ ጥቂት ብር የቤቱ ጣራ ይቀየራል? አሸንዳው ይገዛል?

አንድ ክረምት አቡጀዲው ውኃ ቋጥሮ ተንጠለጠለ። አክስቴ እቁብ ደርሷት ስለነበር ቆርቆሮ ገዛች። አናጺም ተስማማች። ፈቃድ ልትጠይቅ ወደሚመለከተው ቢሮ ስትሄድ «ቤቱ የመንግሥት ነው፤ እርስዎ ማደስ አይችሉም» አሏት። «እንግዲያው መንግሥት ያድስልኝ» አለች። «በጀት የለም።» «እኔ ልክፈል።» «አይቻልም።» በል እንግዲህ! ጣራው ላይ ላስቲክ ዘርግታ ድንጋይ አስቀመጠችበት። ቆርቆሮው አልጋ ሥር ብዙ ጊዜ ተኝቶ፣ መጨረሻ ላይ የልጇ ማድ ቤት ጣራ ሆነ። ያ ቤት በዕድሜ ነው የፈረሰው ትሉኛላችሁ? በዕድሜ አይደለም! ገንዘቡ ነበረ፣ ፍላጎቱ ነበረ፣ አናጺው ነበረ፣ ቆርቆሮው አልጋ ሥር ነበረ። ያልነበረው «ይህ ቤት ነገም የአንቺ ነው» የሚል ወረቀት ነው።

ሰው ነገ በሚነሳበት ቤት ላይ ዛሬ ሚስማር አይመታም። ይህ ስንፍና አይደለም፣ ሒሳብ ነው። እኛም እዚህ ስንገባ በርና መስኮት የቀየርነው፣ ሴራሚክ ያነጠፍነው፣ ዕዳ ውስጥ ገብተን ወጥ ቤት ያሠራነው የዕጣው ወረቀት እጃችን ስለገባ አይደለም? ያው ሰዎች ነን። ፒያሳ ሳለን ግድግዳ የማንለስነው፣ እዚህ ስንመጣ ድንገት ቤት ወዳድ ሆንን?

ሌሎች አገሮች ይህን ቀድመው አውቀውታል። ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ የምትባል ከተማ አለች። በፈረንጆች 1973 ባወጣችው ዕቅድ፣ ለድሃ የሚሠራውን የመኖሪያ ቤት ገንዘብ ከከተማ ዳር ሜዳ ላይ ከማፍሰስ ይልቅ መሀል ከተማ ያሉትን አሮጌ ቤቶች ለማደስ አዋለችው፤ ነዋሪው ከሰፈሩ እንዳይለቅ። ካይሮ ደግሞ ቅርብ ነው። ደርብ አል አሕመር የሚባል ያረጀ፣ የተጎሳቆለ ሰፈር ነበር። የአጋ ካን የባህል ተቋም አጠገቡ ያለውን የቆሻሻ ክምር ወደ አል አዝሃር መናፈሻ ሲለውጥ፣ ጎን ለጎን የሰፈሩን ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ማደስ ጀመረ። የሰፈሩ ወጣቶች ድንጋይ ጠረባና እንጨት ሥራ ሰለጠኑ፤ ቤት ለሚጠግኑ አነስተኛ ብድር ተሰጠ። መናፈሻው በፈረንጆች 2005 ተከፈተ።

አሁን ስለ እኛ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ፒያሳና አራት ኪሎ እንዴት እንደተለወጡ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ከመካከላችሁ የተነሱም አሉ። እኔ ሰፊውን የእግረኛ መንገድ እወደዋለሁ፤ ማታ በመብራት መሄድ ያስደስተኛል። የፈረሰው ሁሉ ቅርስ ነበር ብዬም አልዋሽም። ለብዙ ሰው አንድ መጸዳጃ የነበረው ግቢ ያደገ ሰው ያን አይልም። ግን የማዝንበት ነገር አለ። ቅርስ ናቸው ተብለው የቀሩት ቤቶች ብቻቸውን ቀሩ። ዙሪያቸው ሣር ተተክሎ፣ ቀለም ተቀብተው፣ ውስጣቸው ምድጃ የሚያነድ ሰው የለም። ማታ የሚያፈሰውን ማን ይሰማ? አሸንዳውን ማን ይጥረግ?

«ሙዚየም እናድርጋቸው» ይባላል። መልካም! የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም መሆኑ መልካም ነው። በታላቁ ቤተ መንግሥት ያሉት የምኒልክ ዘመን ቤቶች ታድሰው በ2012 ዓ.ም. በአንድነት ፓርክ ለሕዝብ መከፈታቸው መልካም ነው። ግን አንድ ከተማ ስንት ሙዚየም ይችላል? የቀረውስ? የቀረው ሰው ይኑርበት። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ ይሁን። ውስጡ መጸዳጃ ይግባለት፣ ወጥ ቤት ይሠራለት። አሮጌ ቤት ማደስ ማለት አሮጌ ችግር መጠበቅ አይደለም። የበረንዳውን ጥልፍ እንጨት ጠብቀን፣ ሽንት ቤቱን ብንቀይር አያቶቻችን አይቀየሙንም።

ሕጉም ቢሆን አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይከለክላል። ክልከላው ትክክል ነው፤ ያን የሲሚንቶ ሰውዬ ያቆመው ነበር። ግን «አትንካ» የሚለው ሁሉ ጎን ለጎን «እንዲህ አድርገህ ንካ፣ ይህን ያህል ብድር ውሰድ፣ ባለሙያው ይህ ነው» ካላለው፣ ባለቤቱ ቤቱ በራሱ እስኪወድቅ ይጠብቃል። ሲወድቅ ቦታው ይከብራልና።

ጋሼ እያዩኝ ነው፤ ሦስተኛው አጭር ነው።

ሦስተኛው እጅ ነው። ሐረር ጀጎልን ያያችሁ ታውቃላችሁ። በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ የሆነችው በግንቧና በበሮቿ ብቻ አይደለም፤ ውስጧ ሰው ስለሚኖር ነው። የሐረሪ ቤት ነደባው (የመቀመጫ መደቡ)፣ በግድግዳው ላይ የተደረደረው ሳህንና ሙዳይ፣ በቀይ አፈር የሚቀባው ወለል፤ ያ ቀይ የጨለንቆ ጦርነት ሰማዕታት ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ጨለንቆ በ1879 ነው፤ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዓመት። ቤቱ ለበዓልና ለሠርግ ይታደሳል፣ ይቀባል። ማን ያድሰዋል? ባለሙያ ተጠርቶ ነው? የቤቱ ሴቶች ናቸው። እድሳት ማለት እዚያ ፕሮጀክት አይደለም፤ የዓመቱ ሥራ ነው።

የእኛም እናቶች ይህን ያውቃሉ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ግድግዳ የሚመርገው፣ ኖራ የሚቀባው፣ ወለል የሚለቀልቀው ማን ነበር? እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናቶች ናቸው። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ያ እውቀት ሥራ ፈቷል። ወጣቶቹ ደግሞ ብሎኬትና ኮንክሪት ተምረው ወጥተዋል፤ ጭቃ ማቡካት የሚያስተምራቸው የለም። ነገ የቅርስ ቤት የሚጠግን ሰው ሲፈለግ ከውጭ አገር እናስመጣለን ማለት ነው? ጭቃ ለመምረግ?

ስለዚህ ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ለዚህም ነው የመጣሁት። የእድራችንን ድንኳን፣ ድስትና ወንበር የምናስቀምጥባት ቤት የጭቃ ቤት ናት። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚህ ያርሱ የነበሩ ገበሬ የሠሯት ቤት ናት። ዛሬ ከሰዓት ዞሬ አየኋት። ኮሚቴው አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራት አስቧል፤ አጀንዳው ላይ አምስተኛ ተራ ላይ አይቼዋለሁ። እለምናችኋለሁ፣ አታፍርሷት። ቋሚዎቿ ጥድ ናቸው። የበሰበሱት በምዕራብ በኩል ያሉት ብቻ ናቸው፤ እሱም አሸንዳ ስለሌላትና አፈር ስለተከመረባት ነው። የቀረው ጤነኛ ነው።

አሁን ግንቦት ነው፤ ጭቃ አንነካም። ከሰኔ በፊት ሁለት ነገር ብቻ እንሥራ፤ አሸንዳ እንግጠምላት፣ የምዕራቡን አፈር ቆፍረን ቦይ እናውጣ። ክረምቱን በዝናብ ሄጄ አያታለሁ። ጥቅምት ሲገባ እንጨቱን እንቀጥላለን፣ ጭዱን እናቦካለን፣ ኅዳር ላይ እንመርጋለን። ኖራውን እኔ አመጣለሁ። የሚያስተምሩን እናቶች ስማቸውን ለጸሐፊያችን ይስጡ፤ አበል ባይኖረንም ቡና አይጠፋም። መማር የሚፈልጉ ወጣቶችም እዚያው ይመዝገቡ፣ ቦቲ ጫማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ወጪው ከብሎኬቱ እንደሚያንስ ሒሳቡን በወረቀት ጽፌ ለሰብሳቢው ሰጥቻለሁ፤ ያነብላችኋል።

አምስተኛው አጀንዳ ላይ ስትደርሱ ድምፅ ስጡበት። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቀኝ፤ ስለ ሲሚንቶ የሚከራከረኝ ካለ ግን ወንበር ይዞ ወደ ፊት ይምጣ።